ግልጽ ደብዳቤ፦ የጎሬን መንግሥት ጠባቂዎች በጅማ እናስባቸው ዘንድ ይፈቀድልን

ጅማ፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ለማመልከቻችን በቃል መልስ ለሰጠን መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለጅማና ለአካባቢዋ ሕዝብ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ በምናስተምር መምህራንና በታሪክ ክበብ ተማሪዎቻችን ስም ነው። የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጻፍኩም። ሰው ማሳጣት አልፈለግንም። በደብዳቤ ያመለከትነው፣ በአካልም መጥተን ያስረዳነው ግን ሰሚ አላገኘም። ስለዚህ በአደባባይ ልናነሳው ተገድደናል።

ጥያቄያችን ይህ ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ጎሬ የተዛወረውን መንግሥት የጠበቁት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴና አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ጎጀብ ወንዝ ዳር በጣሊያን ጦር ተከበው የተያዙበት 90ኛ ዓመት ነው። ቀኑን ለማሰብ ሦስት ነገር ጠየቅን። ለአንድ ቀን አዳራሽ፣ ተማሪዎች ላዘጋጁት የሥዕልና የካርታ ዐውደ ርእይ ቦታ፣ እንዲሁም ተማሪዎቹን እስከ ጎጀብ ይዘን ለመሄድ የድጋፍ ደብዳቤ። ገንዘብ አልጠየቅንም። የመኪናውን ወላጆች እንሸፍናለን ብለው ነበር።

መልሱ የመጣው በወረቀት አይደለም። ኮሪደር ላይ ቆመን ነው የተነገረን። «ይህ የሽንፈት ቀን ነው፣ ሽንፈት አይከበርም።» ቀጥሎ «ደግሞ የጅማ ጉዳይ አይደለም።» መጨረሻ ላይ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ነገር ያስነሳል» ተባልን። ለሦስቱም መልስ አለን። እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን እንለምናለን።

ሽንፈት ነው ስለተባለው።

በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። ጠላት ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ። በመንገዱ፣ ጣርማበር ላይ ሊያቆሙት ከሞከሩት መካከል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ምልምሎች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ ገና ትምህርታቸውን አልጨረሱም ነበር። ዕድሜያቸው ዛሬ ክፍል ውስጥ ከማስተምራቸው ተማሪዎች ብዙም አይርቅም። ያን ያህል ጦርና አውሮፕላን በዚያ ቁጥር ሊያቆሙት አልቻሉም። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከዋና ከተማዋ ወጡ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

አብዛኛው ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ከዚያ አምስት ዓመት ዘልሎ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ላይ ያርፋል። ተማሪዎቼን «በመካከል መንግሥት ነበረ?» ብዬ ስጠይቃቸው «አልነበረም» ይሉኛል። ነበረ። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ተዛውሮ ነበር። ሸምገል ያሉት ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ እዚያ ሆነው የቀረውን አስተዳደር ይዘው ቆዩ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት ራስ እምሩ ደግሞ ሽሬ ግንባር ላይ ተዋግተው፣ በጎጃም በኩል አቋርጠው ጎሬ ደረሱ። አገሪቱ ጠፋች በተባለችበት ወራት በስሟ ደብዳቤ የሚጻፍባት፣ ማኅተሟ የሚመታባት ቦታ ኢሉባቦር ውስጥ ያለችው ጎሬ ነበረች።

ያቺን መቀመጫ ማን ጠበቃት? ከሆለታ የተረፉት ምልምሎችና ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነቀምት ላይ ተሰባስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን ጥቁር አንበሳ አሉት። ዛሬ ጥቁር አንበሳ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያውቀው አዲስ አበባ ያለውን ሆስፒታል ነው። የማኅበሩ መሪ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ክፍሌ ናሲቡ ነበሩበት። በላይ ኃይለአብ ነበሩበት። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ነበሩበት። ይልማ ደሬሳም ነበሩበት።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። የአየር ኃይል ጄኔራሉ ማልዮኮ፣ ኮሎኔል ካልዴሪኒና ሌሎች መኮንኖች ነበሩባቸው። የምዕራቡን ባላባቶች አግባብተው አገሩን ያለ ጦርነት ሊይዙ ነበር አሳባቸው። ጥቁር አንበሶች ሌሊቱን መጡባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ጄኔራሉና ከእርሱ ጋር የነበሩት፣ ከአንድ ቄስ በቀር፣ ተገደሉ። ጠላት ነቀምትን በቦምብ ደብድቦ ተበቀለ።

እኔን ግን ከቦነያ በላይ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ጫካ ለጫካ እየተሳደዱ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። አሥር አንቀጽ ነበረው። የፖለቲካው አመራር ከወታደሩ በላይ እንዲሆን ደነገጉ። ገበሬውን እንዳይበድሉ ራሳቸውን በቃል አሰሩ። ምርኮኛ እንዳይንገላታ ጻፉ። ጥለው ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደዱም ቃል ተገባቡ። ዋና ከተማው ተይዞ፣ ጥይት እያለቀ፣ የሚበላ እየጠፋ ስለ ሕግ የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ተማሪዎቻችን እንዲያውቁልን የምንፈልገው ይህን ነው። የሥነ ዜጋ ትምህርት ስናስተምር ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማዶ እንሄዳለን። ምሳሌው ጎረቤታችን ነበር።

በኅዳር 1929 ጎሬም ተያዘች። ራስ እምሩና አብረዋቸው የቀሩት ወደ ደቡብ ወረዱ። ጠላት ከዚህም ከዚያም ዘጋባቸው። ታኅሣሥ 9 ጎጀብ ላይ ተያዙ። ራስ እምሩ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ። (ሙሶሎኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ በ1935 ዓ.ም. ለጊዜው የታሰረው እዚያችው ደሴት ላይ ነው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ይንጫጫል።) የሌሎቹ ዕጣ የከፋ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተወሰደው የበቀል እርምጃ ከሆለታ ምልምሎችና ከጥቁር አንበሳ አባላት ብዙዎቹ ተረሸኑ። በእጅ ላይ የነበሩ ምርኮኞች ናቸው። ምርኮኛ አይንገላታ ብለው የጻፉ ሰዎች ምርኮኛ ሆነው ተገደሉ።

ክቡር ኃላፊ፣ እኛ ጎጀብ ላይ ከበሮ እንምታ አላልንም። እናስባቸው ነው ያልነው። በዓልና መታሰቢያ ይለያያሉ። የካቲት 12ን በየዓመቱ የምናስበው ድል ስላደረግንበት ነው? ያለቁትን ለማሰብ አይደለም ወይ?

የጅማ ጉዳይ አይደለም ስለተባለው።

ጎጀብ የት ነው? ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው ሁሉ ድልድዩን ያልፋል። ነጋዴው ቡና ጭኖ ያልፍበታል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ ያልፍበታል። ጎሬን ጠብቀው የነበሩት ሰዎች ጉዞ ያበቃው እዚህ በራችን ላይ ነው። ጣሊያን ጅማን የያዘውም በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ጅማን የጋላና ሲዳሞ ብሎ የሰየመው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። ፈረንጅ አራዳ ሄደው ይዩ። በዚያ ዘመን የተሠሩት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። እንግዳ ሲመጣ እየዞርን «ይህ የጣሊያን ሥራ ነው» ብለን እናሳያለን። ያ ግንባታ ሲጀመር ማን በምርኮ እየተነዳ እንደ ነበር የሚናገር አንድ ቃል ብንጨምርበት ከተማችን ምን ይጎድልባታል? ጅማ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ነው። እነ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ በዚህ ዙሪያ ተዋግተዋል። የጅማ ልጅ የዚህን ታሪክ መጀመሪያም መጨረሻም ከቤቱ ሳይርቅ ማየት ይችላል።

ነገር ያስነሳል ስለተባለው።

ይህን የተናገሩት ሠራተኛ ክፉ አስበው እንዳልሆነ እናምናለን። ሥጋቱ ይገባናል። ዘመኑን እናውቀዋለን። ስለዚህ ሳንሸሽግ እንናገር። በ1928 ዓ.ም. ከምዕራብ ባላባቶች ብዙዎቹ ከጎሬው መንግሥት ጋር አልቆሙም። ቦነያ ላይ አውሮፕላን ያረፈው የነቀምት አካባቢ (የለቃ) ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ከጣሊያኖች ጋር መነጋገር ጀምረው ስለነበር ነው። የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች የእንግሊዝ ጥበቃ ይሰጠን ብለው ወደ መንግሥታት ማኅበር ጽፈዋል። ምክንያት ነበራቸው። የገባር ሥርዓት ነበረ። መሬት መነጠቅ ነበረ። እዚህ ጅማም የአባ ጅፋር መንግሥት ይዞት የቆየው ራሱን የማስተዳደር መብት ጦርነቱ ሊነሳ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነበር የተወሰደው። ይህን ያልነገረ መምህር ታሪኩን አስተማረ አይባልም።

ይህን ስለምናውቅ ነው ዐውደ ርእዩ ላይ ለብቻው አንድ ሰሌዳ የሰጠነው። ርእሱ «ያልተከተሏቸው ለምን አልተከተሏቸውም?» ይላል። ያዘጋጁት ተማሪዎች አያቶቻቸውን በአፋን ኦሮሞና በካፊኛ ጠይቀው፣ የሰሙትን በሁለቱም ቋንቋና በአማርኛ ጻፉት። ከሁሉም ሰሌዳ እርሱ ይበልጥ ልብ ይነካል። ጥቁር አንበሳንም የአንድ ወገን ማኅበር አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ይልማ ደሬሳ የወለጋ ኦሮሞ ናቸው። በላይ ኃይለአብ ኤርትራዊ ናቸው። ነገር የሚያስነሳው ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መሸፈን ነው። እኛ ሁለቱንም ልንናገር ተዘጋጅተን ነበር።

አሁን ከመልሱ ይልቅ ያሳዘነንን ልናገር።

ተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት፣ ከነቀምት እስከ ጎሬ፣ ከጎሬ እስከ ጎጀብ ያለውን መንገድ በእጃቸው ሥለው ትልቅ ካርታ ሠሩ። ወንዞቹን በሰማያዊ፣ የውጊያ ቦታዎቹን በቀይ ቀቡ። መጀመሪያ ላይ ለሙከራ እንድንሰቅል በቃል ተፈቅዶልን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰቀልን። በማግስቱ ስንመጣ ሰሌዳዎቹ የሉም። ፈልገን ዕቃ ቤት ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረው አገኘናቸው። ጣሪያው ያፈስ ነበር። የጎጀብ በኩል ያለው የካርታው ጥግ ረጥቦ ቀለሙ ተደባልቋል። ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ «ቲቸር፣ ምን አጠፋን?» አለችኝ። ምንም አላጠፋችሁም አልኳት። ይህን ግን ከእኔ ይልቅ ካወረዱት ሰዎች ብትሰማው ይሻል ነበር። እስካሁን ማን እንዳወረደው፣ በማን ትእዛዝ እንደ ወረደ የነገረን የለም።

ሁለተኛው የእማማ ጉዳይ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ሸቤ አካባቢ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አባታቸው በወጣትነታቸው ለራስ እምሩ ጦር በቅሎ ነጂ ነበሩ። ከጎጀብ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። እዚሁ አግብተው፣ ወልደው ኖሩ። እማማ ከአባታቸው የሰሙትን ለተማሪዎች ሊነግሩ ፈቃደኛ ሆኑ። ዝግጅቱ መከልከሉን ሲሰሙ «እኔ ራሴ ሄጄ ልለምናቸው» አሉ። ከልጅ ልጃቸው ጋር በሚኒባስ መጡ። እንግዳ መቀበያው ጋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ምሳ ሰዓት ሆነ። ከምሳ በኋላም ስብሰባው አላለቀም። ቢሮ ሊዘጋ ሲል ጥበቃው ይቅርታ ጠይቆ ሸኛቸው። ውኃም ያመጣላቸው እርሱ ነው፣ እግዜር ይስጠው። በነጋታው ስደውል «ልጄ፣ ሰው ማስቸገር አልወድም» ብለው ዝም አሉ።

ሊናገሩ የመጡት ይህን ነበር። አባታቸው ወንዙ ዳር አንድ ጓደኛቸውን ቀብረዋል። ሆለታ የተማረ ልጅ ነበር። ከየት አገር እንደ መጣ፣ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ አያውቁም። ስሙን ብቻ ያውቁ ነበር። የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን በእርሱ ስም ጠሩት። ቤተሰቡ ውስጥ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ይህን ታሪክ ከእማማ አፍ ቀድተን ማስቀመጥ የምንችልበት ዕድሜ ስንት ነው? በእርሳቸው ዕድሜ ያሉ፣ ከአባቶቻቸው በቀጥታ የሰሙ ሰዎች በየወሩ እየቀነሱ ነው። መቶኛው ዓመት ሲደርስ እናስበዋለን የሚል ሰው ያን ጊዜ ማንን ይጠይቃል?

ስለ አሠራሩም አንድ ነገር ልበል። ማመልከቻችን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቁጥር የተሰጠው ጽሑፍ በጽሑፍ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። በቃል የተሰጠ ክልከላ ይግባኝ አይባልበትም። ለወላጆችም አይነበብም። ተማሪዎችን «መብታችሁን በጽሑፍ ጠይቁ» እያልን እያስተማርን እኛ መምህራኑ ኮሪደር ላይ በተነገረን ቃል ስንመለስ ልጆቹ ያያሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ለማመልከቻችን ፈቅደውም ሆነ ከልክለው፣ ምክንያቱን ጠቅሰው በጽሑፍ ይመልሱልን። ክረምቱ ሳይወጣ እንዲደርሰን እንፈልጋለን፣ አለዚያ ለመዘጋጀት ጊዜ አይኖረንም።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ዓ.ም. ዝግጅቱን እንድናደርግና ተማሪዎቻችንን ጎጀብ ድረስ ይዘን እንድንሄድ ይፈቀድልን። የፕሮግራሙን ጽሑፍ በሙሉ አስቀድመን እናሳያለን። አስተያየት ካለ እንቀበላለን። ያልተከተሏቸውን ሰዎች የሚመለከተው ሰሌዳ ግን እንዲወጣ አንስማማም።

ዕቃ ቤት የገቡት ሰሌዳዎች ይመለሱልን። የተበላሸውን ራሳችን እናድሳለን። ለተማሪዎቹ ግን ትምህርት ቤት መጥቶ፣ ሥራቸው ለምን እንደ ወረደ የሚያስረዳቸው ሰው ይላክልን።

ድልድዩ አጠገብ፣ መንገደኛ ቆሞ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ፣ አንድ ድንጋይ እንዲተከል ለሚመለከታቸው ሁሉ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልን። ድንጋዩ ላይ ቀኑ፣ ከጎሬ የመጡት ሰዎች ማንነት፣ ከየካቲት 12 በኋላ የደረሰባቸውም በአፋን ኦሮሞ፣ በካፊኛና በአማርኛ ይጻፍበት። ወጪውን በመዋጮ እንችለዋለን።

ከሸቤና ከጎጀብ አካባቢ አረጋውያን የሚነገረውን እየዞርን በድምፅ እንድንቀዳ ለየቀበሌው የትብብር ደብዳቤ ይሰጠን። ይህኛው እስከ ታኅሣሥ አይቆይም። ከተቻለ በዚህ ወር መጀመር እንፈልጋለን።

እማማን ደግሞ ሰው ልከው ያስጠሯቸው። የመሳፈሪያውን እኛ እንከፍላለን። እርስዎ ቢሮዎን ከፍተው ይስሟቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርና የታሪክ ክበብ አስተባባሪ
በታሪክ መምህራኑና በክበቡ ተማሪዎች ስም